ርዕስን በስሙ መጥራት፦ ስለ አንቀጽ ስታይል የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ሆነው ስላገኘናቸው አምዱን በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተነዋል። ጉዳዩ በማይክሮሶፍት ዎርድና በመሰል የጽሑፍ ማቀናበሪያ ሶፍትዌሮች ውስጥ የሚገኘው የአንቀጽ ስታይል ነው። ደብዳቤዎቹ አሳጥረን ያቀረብናቸው ሲሆን፣ የሜኑና የትእዛዝ ስሞችን አንባቢ በስክሪኑ ላይ በሚያያቸው የእንግሊዝኛ ስማቸው፣ በእኛው ፊደል ጽፈናቸዋል። ሥሪቱ ካልተጠቀሰ የምንናገረው በዊንዶውስ ላይ ስለሚሠራው ዎርድ ነው።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌን በአማርኛ እያዘጋጀሁ ሲሆን ከ100 ገጽ በላይ ደርሷል። ርዕሶቹንና ንዑስ ርዕሶቹን አንድ በአንድ እየመረጥሁ አድምቄአቸዋለሁ፤ ማውጫውንም ነጥብ እየደረደርሁ በእጄ ጽፌዋለሁ። አሁን አማካሪዬ የንዑስ ርዕሶቹ መጠን እንዲቀነስና ከምዕራፎቹ አንዱ ቦታ እንዲቀይር አዝዘዋል። ጓደኞቼ «ስታይል ብትጠቀሚ ኖሮ» ይሉኛል። ከዚህ በኋላ መጀመር ይቻላል? (ከጎንደር)

መልስ፦ ይቻላል። አስቀድሞ ግን ችግሩ ከየት እንደመጣ መለየት ይገባል። አንድን መስመር መርጠው ሲያደምቁትና መጠኑን ከ12 ወደ 14 ሲያሳድጉት፣ አንባቢ መስመሩ ርዕስ መሆኑን በዓይኑ አይቶ ይረዳል፤ ሶፍትዌሩ ግን ያ መስመር ደመቅና ተለቅ ብሎ የተጻፈ ተራ አንቀጽ ከመሆኑ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። በዎርድ ውስጥ ማንኛውም አንቀጽ፣ ጸሐፊው ልብ ቢለውም ባይለውም፣ አንድ ስታይል አለው፤ ሌላ ካልተመረጠለት «ኖርማል» የሚባለው ይሰጠዋል። የእርስዎ ምዕራፎች፣ ንዑስ ርዕሶች፣ ጥቅሶችና የሠንጠረዥ መግለጫዎች ሁሉ ለሶፍትዌሩ «ኖርማል» ናቸው ማለት ነው። ማውጫ በራሱ ሊያወጣልዎ፣ የንዑስ ርዕሶቹንም መጠን በአንድ ትእዛዝ ሊቀንስልዎ ያልቻለው ለይቶ ስለማያውቃቸው ነው።

የአንቀጽ ስታይል ለአንቀጹ ስም ይሰጠዋል። ፎንቱ፣ መጠኑ፣ ከበላዩና ከበታቹ የሚተወው ክፍተት፣ ከኅዳጉ የሚገባበት ርቀት ሁሉ የሚወሰነው ለስሙ ነው፤ ያንን ስም የያዙ አንቀጾች በሙሉ ውሳኔውን ይከተላሉ። የብራና ጸሐፍቶቻችን ከዚህ የራቀ ሥራ አልሠሩም፤ ቀይ ቀለም ለርዕስና ለመነሻ መስመሮች፣ እንዲሁም ለአምላክ፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስሞች እንደሚገባ አስቀድሞ የታወቀ ስለነበር፣ ጸሐፊው በየገጹ «ይህን ላቅላው ወይስ ልተወው» እያለ አያመነታም ነበር። ለኮምፒውተሩም ቢሆን ነገሩ የትናንት ፈጠራ አይደለም፤ በ1983 እ.ኤ.አ. ለዶስ የወጣው የመጀመሪያው ዎርድ እንኳ ስታይል ነበረው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የጽሑፉን አንድ ቅጂ ለብቻ ካስቀመጡ በኋላ ጠቋሚውን ከንዑስ ርዕሶቹ በአንዱ ላይ ያሳርፉ። በሆም ታብ ቀኝ ጫፍ «ሴሌክት» በሚለው ሥር ተመሳሳይ ቅርጽ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ የሚመርጥ «ሴሌክት ኦል ቴክስት ዊዝ ሲሚላር ፎርማቲንግ» የሚል ትእዛዝ አለ፤ እርሱን ሲጫኑ በአንድ ዓይነት መልክ የተጻፉት መስመሮች በሙሉ ይመረጣሉ፤ ከዚያ «ሄዲንግ 2» የሚለውን ስታይል ይስጧቸው። በእጅ የተሠራ ነገር ወጥ ስለማይሆን አንዳንዱ ንዑስ ርዕስ በ13 መጠን ተጽፎ ወይም ሳይደምቅ ቀርቶ ከምርጫው ሊያመልጥ ይችላል፤ እንዲህ ያሉትን ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች እየቃኙ፣ ኮንትሮልንና ኦልትን ይዘው 2 ቁጥርን በመጫን ይሰበስቧቸዋል። ለምዕራፍ ርዕሶች በዚያው መንገድ 1ን፣ ከንዑስ ርዕስ በታች ላሉት 3ን ይጠቀሙ። መስመሮቹ በድንገት ሰማያዊ ሆነው ፎንታቸው ቢለወጥ አይደንግጡ፤ የዎርድ ነባሪ መልክ ነው። በስታይሉ ስም ላይ በቀኝ ክሊክ «ሞዲፋይ» ብለው ቀለሙን፣ ፎንቱንና መጠኑን አማካሪዎ ባሉት መሠረት አንድ ጊዜ ይወስኑ። ነገ ሐሳባቸውን ቢለውጡ (አማካሪዎች ይህን ማድረጋቸው አይቀርም) የሚያርሙት ይህንኑ አንድ ቦታ ነው።

ይህ ከተጠናቀቀ በእጅ የተጻፈውን ማውጫ ይሰርዙና በ«ሬፈረንስስ» ታብ «ቴብል ኦፍ ኮንቴንትስ» ከሚለው አውቶማቲኩን ያስገቡ። ጽሑፉ በተለወጠ ቁጥር ማውጫውን በቀኝ ክሊክ «አፕዴት ፊልድ»፣ ቀጥሎም ሙሉውን እንዲያድስ ማዘዝ ይበቃል። ምዕራፉን ለማዛወርም ቆርጦ መለጠፍ አያስፈልግም፤ በ«ቪው» ታብ «ናቪጌሽን ፔን» የሚለውን ሲከፍቱ ርዕሶቹ በግራ በኩል ይደረደራሉ፤ የምዕራፉን ርዕስ በማውዝ ይዘው ወደሚፈለገው ቦታ ሲጎትቱት ከሥሩ ያለው ጽሑፍ፣ ሠንጠረዥና የግርጌ ማስታወሻ ሁሉ ተከትሎት ይሄዳል።

አንድ ነገር በብርቱ ላሳስብ። ብዙዎች ስታይልን ሲለማመዱ በመጀመሪያ የሚነኩት «ኖርማል»ን ነው፤ የመጀመሪያ መስመሩን ወደ ውስጥ ያስገባሉ፣ ግራና ቀኙን እኩል ያደርጋሉ። ሌሎቹ ስታይሎች ደግሞ አብዛኞቹ የተመሠረቱት በ«ኖርማል» ላይ ነው። ስለዚህ ለዋናው ጽሑፍ ታስቦ የተደረገው ለውጥ ወደ ርዕሶቹ፣ ወደ ሠንጠረዦቹ፣ ወደ ገጽ ቁጥሩ ጭምር ይወርዳል፤ በሠንጠረዥ ውስጥ ያለ ባለ አንድ ቃል መስመር እንኳ ያለ ምክንያት ወደ ውስጥ ገብቶ ይገኛል። የተሻለው «ኖርማል»ን ፎንትና መጠን ብቻ ወስኖ መተውና ለዋናው ጽሑፍ «ቦዲ ቴክስት» የሚለውን ስታይል መጠቀም ነው። በየርዕሱ «ሞዲፋይ» መስኮት ውስጥ «ስታይል ፎር ፎሎዊንግ ፓራግራፍ» በሚለው ቦታ «ቦዲ ቴክስት»ን ከመረጡ፣ ርዕስ ጽፈው ኤንተር በተጫኑ ቁጥር የሚቀጥለው አንቀጽ በራሱ የዋና ጽሑፍ መልክ ይይዛል። ማስረከቢያው ቀርቦ ጊዜ ካጠረዎት ግን ይህኛው ይቆይና ርዕሶቹን ብቻ ያስተካክሉ፤ ማውጫውን የሚያስገኙልዎ እነርሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ደብዳቤ የማዘጋጀው የቆየ ደብዳቤ ከፍቼ በላዩ ላይ በመጻፍ ነው። ክፍተት ለመፍጠር ኤንተር ደጋግሜ እጫናለሁ፤ ጽሑፉ ትንሽ ከረዘመ ግን «ከሠላምታ ጋር» የሚለው ብቻውን ወደ ሁለተኛው ገጽ ይወርዳል። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ በሆም ታብ ላይ ያለውን የአንቀጽ ምልክት ተጭነው የተደበቁትን ምልክቶች ቢያስወጡ፣ ኤንተር በተጫነ ቁጥር ባዶ አንቀጽ መፈጠሩን ያያሉ። ባዶ አንቀጽ እንደማንኛውም አንቀጽ ቦታ ይይዛል፤ ጽሑፉ ሲገፋም አብሮ ይገፋል፤ አንዳንዴም የአዲሱ ገጽ አናት ላይ ቁጭ ይላል። ክፍተቱ መቀመጥ ያለበት በስታይሉ ውስጥ፣ «ስፔሲንግ ቢፎር» እና «አፍተር» በሚባሉት ሁለት ቦታዎች ነው። የተከማቹትን ባዶ አንቀጾች ለማጽዳት የመተኪያውን መስኮት («ሪፕሌስ») ይክፈቱ፤ «ሞር»፣ ቀጥሎም «ስፔሻል» ከሚለው ዝርዝር «ፓራግራፍ ማርክ»ን በመፈለጊያው ሳጥን ሁለት ጊዜ፣ በመተኪያው አንድ ጊዜ ያስገቡና ሁሉንም እንዲተካ ይዘዙት፤ ሦስትና አራት ባዶ መስመር በተደረደረበት ቦታ ትእዛዙን መደጋገም ያስፈልጋል።

የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ለስታይል የተፈጠረ ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ ክፍሎቹ የታወቁ ናቸውና። ቁጥርና ቀን፣ የተቀባይ አድራሻ፣ ጉዳዩ፣ ሐተታው፣ ስንብቱ፣ ግልባጩ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ስታይል ሊኖራቸው ይገባል፤ ስሙንም በአማርኛ «ጉዳይ»፣ «ግልባጭ» ብሎ መሰየም ይቻላል። «ጉዳይ» መሐል ላይ ሆኖ ከሥሩ እንዲሰመርበት፣ ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው አንቀጽም በራሱ «ሐተታ» እንዲሆን ይደረጋል። «ከሠላምታ ጋር» ብቻውን እንዳይወርድ መድኃኒቱ «ኪፕ ዊዝ ኔክስት» የሚባለው ትእዛዝ ሲሆን፣ የሚገኘው በ«ፓራግራፍ» መስኮት «ላይን ኤንድ ፔጅ ብሬክስ» በሚለው ክፍል ነው። ትእዛዙ የሚሠራው አንቀጹን ከሚቀጥለው ጋር በማያያዝ ስለሆነ፣ መሰጠት ያለበት ለስንብቱ ብቻ ሳይሆን ከእርሱ በፊት ላለው የመጨረሻ አንቀጽ ጭምር ነው፤ ያኔ ሁለቱም ተያይዘው ወደ ሁለተኛው ገጽ ይሄዳሉ። ለዚህ «የመዝጊያ ሐተታ» የሚል ሌላ ስታይል ማዘጋጀት ይበቃል። ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ ፋይሉን በዎርድ ቴምፕሌትነት ያስቀምጡት፤ በተከፈተ ቁጥር አዲስ ደብዳቤ ስለሚወልድ የቆየ ቀንና የሌላ ሰው ስም በስሕተት ይዞ የመውጣት ስጋትም አብሮ ይቀራል።

ጥያቄ፦ የምተረጉመው መጽሐፍ በአማርኛው መሐል የእንግሊዝኛ ቃላት ይገቡበታል። በስታይሉ ውስጥ ታይምስ ኒው ሮማን ብመርጥም አማርኛው ሌላ ፎንት ሆኖ ይገኛል፤ የመስመሮቹ ርቀት አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ነው፤ ርዕሶቹም ሲደምቁ ቀለም የፈሰሰባቸው ይመስላሉ። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሦስቱም ችግሮች ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ። ታይምስ ኒው ሮማንም ሆነ ዎርድ በነባሪነት የሚሰጣቸው ካሊብሪና አፕቶስ የኢትዮጵያ ፊደላት የሏቸውም። ስታይሉ የሌለውን ፊደል እንዲያሳይ ሲታዘዝ ሶፍትዌሩ ፊደሉ ካለበት ሌላ ፎንት ይዋሳል፤ በዊንዶውስ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ኢብሪማ ወይም ኒያላ ነው። ተውሶ የመጣው ፎንት ከባለቤቱ የተለየ ቁመት ስላለው፣ ሁለቱ የተገናኙበት መስመር ይሰፋል፤ እንግሊዝኛ ብቻ ያለበት ደግሞ ይጠብባል። መፍትሔው ሁለቱንም ፊደላት የያዘ ፎንት መርጦ በ«ኖርማል» ስታይል ውስጥ መወሰን ነው፤ ኒያላም ኢብሪማም የላቲን ፊደላት አሏቸው። በዊንዶውስ 10 እና ከዚያ ወዲህ በወጣው ላይ ኒያላ አብሮ ላይጫን ይችላል፤ በሴቲንግስ ውስጥ ከአማራጭ ፊቸሮች «ኢትዮፒክ ሰፕሊመንታል ፎንትስ» የሚለውን ማስጫን ያስፈልጋል።

የድምቀቱ ጉዳይ የሚመለከተው ኒያላን ነው። ይህ ፎንት የተሠራው በአንድ ውፍረት ብቻ ስለሆነ፣ «ቦልድ» ሲባል ዎርድ የፊደሉን ጠርዝ በራሱ ያወፍረዋል፤ እንደ «ጨ» እና «ጠ» ያሉት ፊደላት ውስጣቸው ይደፈናል። ለርዕስ የራሱ ደማቅ ቅርጽ ያለውን ኢብሪማን፣ ወይም በነጻ የሚገኘውንና ብዙ ውፍረቶች ያሉትን ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን ይምረጡ። ሌላው አማራጭ ርዕሱን ሳያደምቁ በመጠንና በክፍተት ብቻ መለየት ነው፤ በእኔ እምነት ለመጽሐፍ ይህ ያምራል። ማጋደልን ግን ለአማርኛ ጨርሶ ባይጠቀሙበት እመክራለሁ፤ ፊደላችን የተጋደመ ቅርጽ በባህሉ የለውም፤ የሚታየው ማሽኑ ገፍቶ ያዘመመው ነው።

የመስመሩን ርቀት ወጥ ለማድረግ በዋናው ጽሑፍ ስታይል ውስጥ «ላይን ስፔሲንግ» የሚለውን «ኤግዛክትሊ» አድርገው ቁጥሩን ይወስኑ፤ ለ12 መጠን ጽሑፍ 18 ነጥብ ጥሩ መነሻ ነው። ከዚህ በኋላ የትኛውም ፎንት መስመሩን ሊገፋው አይችልም። ይህ ውሳኔ ግን ሥዕልን ይጎዳል፤ በመስመር ውስጥ የገባ ሥዕል እንዲህ ባለ አንቀጽ ላይ ሲቀመጥ ከታቹ ቀጭን ቁራጭ ብቻ ይታያል። ስለዚህ ለሥዕል የመስመር ርቀቱ «ሲንግል» የሆነ የተለየ ስታይል ያዘጋጁ።

ግራና ቀኙን እኩል ስለማድረግ አልጠየቁም፤ ሆኖም መነሣቱ አይቀርም። የአማርኛ ግሦች ቅጥያ እየደራረቡ ስለሚረዝሙና ዎርድ በሰረዝ ከፍሎ ስለማያወርዳቸው፣ በጠባብ ዓምድ ውስጥ መስመሩ በሰፋፊ ክፍተቶች ይበሳሳል። የጥንት ጸሐፊዎች ቃሉን ከየትም ቆርጠው ወደ ሚቀጥለው መስመር ያወርዱት ስለነበር ይህ ችግር አልነበረባቸውም። ለመጽሐፍ ገጽ እኩል ማድረጉ ያስኬዳል፤ ለባለ ሁለት ዓምድ ጽሑፍ ግን ግራውን ብቻ ማስተካከል ይሻላል።

ጥያቄ፦ የአባቴን የቆዩ ጽሑፎች ለማሳተም እየሰበሰብሁ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ ናቸው። አንዱን ፋይል ከፍቼ ስታይል ስሰጠው አማርኛው በሙሉ ወደ እንግሊዝኛ ፊደላትና ትርጉም የለሽ ምልክቶች ተለወጠ። ጽሑፉ ጠፋ ማለት ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ አልጠፋም፤ ከዚህ በኋላ ግን ከዋናው ፋይል ላይ እጅዎን ያንሡና በቅጂ ይሥሩ። የኢትዮጵያ ፊደላት የራሳቸው ቋሚ መለያ ቁጥር ያገኙት በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 (ለየቋንቋው ፊደላት መለያ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ መስፈርት) ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት እንደ ቪዥዋል ግዕዝና እንደ ቀድሞው ፓወር ግዕዝ ያሉት ሶፍትዌሮች፣ የላቲን ፊደላት በተቀመጡበት ቦታ ላይ የአማርኛ ቅርጾችን በመሳል ይሠሩ ነበር። በፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ፊደል ነው፤ አማርኛ የሚያደርገው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ ሲነሣ ልብሱ ተገፎ ሥሩ ይታያል።

ስታይል መስጠት ፎንቱን ለምን አነሣው የሚለው መታወቅ አለበት፤ ለሌላም ጊዜ ይጠቅማል። ዎርድ ለአንድ አንቀጽ ስታይል ሲሰጥ፣ በእጅ የተደረገ ቅርጽ ከአንቀጹ ፊደላት ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ከሸፈነ ያነሣዋል፤ ከግማሽ በታች ከሆነ ግን ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ብሎ ይተወዋል። በአንቀጽ መካከል አንድ የደመቀ ቃል ስታይል ቢለወጥም ደምቆ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። የአባትዎ አንቀጾች ከዳር እስከ ዳር በቪዥዋል ግዕዝ ፎንት የተሸፈኑ ስለሆኑ አዲሱ ስታይል ጠርጎ አወጣው። ኮንትሮልን ይዞ ስፔስ ባርን መጫንም ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል። ወዲያው «አንዱ» (የመጨረሻውን ለውጥ የሚሽረውን ትእዛዝ) ቢጫኑ ወይም የተበላሸውን ክፍል መርጠው የቀድሞውን ፎንት ቢመልሱለት አማርኛው ተመልሶ ይመጣል፤ ለዚህ ግን ፎንቱ በኮምፒውተርዎ ላይ መጫን አለበት።

ቅደም ተከተሉ እንግዲህ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መቀየር፣ ቀጥሎ ስታይል መስጠት። መቀየሪያ መሣሪያ ሲመርጡ የፎንቱን ስም እያየ የሚለውጥ መሆኑን ያረጋግጡ፤ አንዳንዶቹ ያገኙትን ላቲን ሁሉ ስለሚለውጡ በጽሑፉ መሐል በእውነት እንግሊዝኛ የነበረውን ስምና አድራሻ ትርጉም የሌለው አማርኛ ያደርጉታል። እንዲህ ካለው መሣሪያ ሌላ ካላገኙ፣ በዎርድ የመፈለጊያ መስኮት «ፎርማት» ከሚለው ሥር ፎንቱን በስሙ በመፈለግ በእርሱ የተጻፈውን ብቻ መምረጥ ይቻላል። ከተቀየረ በኋላ ጽሑፉ ከዋናው ጋር እየተያየ መነበብ አለበት፤ ከሁሉ አስቀድመው እንደ «ቧ»፣ «ሏ» እና «ኳ» ያሉትን ፊደላት፣ ሥርዓተ ነጥቦቹንና የግዕዝ ቁጥሮቹን ይፈትሹ። የአባትዎን ፋይሎች የመጀመሪያ ቅጂ አይሰርዙ፤ የቀድሞው ፎንት ያለበት የታተመ ወረቀት ካለም ለማመሳከሪያ ያቆዩት።

ጥያቄ፦ አንድ ንዑስ ርዕስ ብቻ ቀይ ባደርግ በሪፖርቱ ውስጥ ያሉት ንዑስ ርዕሶች ሁሉ ቀይ ሆኑ። ምን ተፈጠረ? (ከደሴ)

መልስ፦ በዚያ ስታይል «ሞዲፋይ» መስኮት ግርጌ «ኦቶማቲካሊ አፕዴት» የሚል ሳጥን ምልክት ተደርጎበታል፤ ያጥፉት። ይህ ሳጥን በአንዱ አንቀጽ ላይ በእጅ የተደረገውን ለውጥ ወደ ስታይሉ፣ ከስታይሉም ወደ ሁሉም የሚያደርስ ሲሆን፣ ሳይታወቅ በርቶ ሲገኝ ከሚያስገኘው ጥቅም ጉዳቱ ይበልጣል። ለውጡ ለሁሉም እንዲደርስ ሲፈልጉ በስታይሉ ስም ላይ በቀኝ ክሊክ «አፕዴት ቱ ማች ሴሌክሽን» ማለት ይቻላል፤ ያ ሲሆን ውሳኔው የእርስዎ ይሆናል። ለአንድ ርዕስ ብቻ ቀይ ቀለም የሚያስፈልግበት ምክንያት ካለ ደግሞ ያ ርዕስ የተለየ ተግባር አለው ማለት ነውና የራሱን ስታይል ይፍጠሩለት።

ሪፖርቱን ከየክፍሉ የሚሰበስቡ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ሁለት ፋይሎች አንድ ዓይነት የስታይል ስም ካላቸው፣ ሲለጠፍ የመድረሻው ፋይል መልክ እንዲገዛ ማድረግ ይቻላል፤ ከመለጠፊያ አማራጮቹ «ዩዝ ዴስቲኔሽን ስታይልስ» የሚለውን ይምረጡ። ባልደረቦችዎ ሁሉ «ሄዲንግ 1» እና «ሄዲንግ 2» ብቻ ቢጠቀሙ፣ መልኩን እንዳሻቸው ቢያደርጉትም እንኳ፣ እርስዎ ዘንድ ሲደርስ አንድ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ዎርድ የለኝም፤ ሊብሬኦፊስ እጠቀማለሁ፤ አንዳንዴም ጉግል ዶክስ። የምትሉት ሁሉ ለእኔም ይሠራል? (ከጅማ)

መልስ፦ ይሠራል፤ እንዲያውም በነጻ የሚገኘው ሊብሬኦፊስ በዚህ ረገድ ከዎርድ የሚልቅበት ጎን አለው። ኤፍ 11 ቁልፍን ሲጫኑ የስታይሎቹ ዝርዝር ይከፈታል፤ በስሙ ላይ ሁለት ጊዜ ክሊክ ሲያደርጉ ጠቋሚው ያለበት አንቀጽ ያንን ስታይል ይይዛል። ኮንትሮልና 1 ለ«ሄዲንግ 1»፣ ኮንትሮልና ዜሮ ለዋናው ጽሑፍ ያገለግላሉ፤ በእጅ የተደረገ ቅርጽን ለማንሣት ጽሑፉን መርጦ ኮንትሮልና ኤም መጫን ይበቃል። ከዎርድ የሚለየው ለገጽም ስታይል ያለው መሆኑ ነው፤ የሽፋኑን ገጽ ያለ ቁጥር፣ የመግቢያውን በሮማን ቁጥር፣ የቀረውን በተለመደው ቁጥር ለማድረግ ለሦስቱ ሦስት የገጽ ስታይል መስጠት ነው። ዎርድ ይህንኑ የሚያደርገው ጽሑፉን በሴክሽን በመከፋፈል ሲሆን፣ ብዙ ሰው የሚደናበረውም እዚያ ላይ ነው። ሥራውን በሊብሬኦፊስ በራሱ ፎርማት እያስቀመጡ ቆይተው የዎርዱን ቅጂ በመጨረሻ ላይ ብቻ ቢያወጡ ይመረጣል።

ጉግል ዶክስ ምርጫው ጠበብ ያለ ነው። ርዕሱን እንደሚፈልጉት አድርገው ከስታይሎቹ ዝርዝር «አፕዴት ቱ ማች» የሚለውን ሲመርጡ ሌሎቹ ይከተሉታል፤ ያንኑ መልክ ለሌሎች ፋይሎችዎ ነባሪ አድርጎ ማስቀመጥም ይቻላል።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። በስክሪን አንባቢ ሶፍትዌር የሚሠሩ ዓይነ ስውር ባልደረባ አሉኝ፤ የምንልክላቸው የማስተማሪያ ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ወጥ ሆኖ እንደሚደርሳቸው፣ የሚፈልጉትን ክፍል ለማግኘትም ሁሉንም መስማት እንዳለባቸው ይናገራሉ። ርዕሶቹን እኮ በደንብ አድምቀናቸዋል። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ድምቀት ለዓይን ብቻ የሚናገር ምልክት ነው። እንደ ኤንቪዲኤ እና ጆውስ ያሉት ስክሪን አንባቢዎች ርዕስን የሚያውቁት በስታይሉ ነው። ጽሑፉ «ሄዲንግ» ስታይሎችን ከያዘ፣ ባልደረባዎ በኤንቪዲኤ ላይ «ብራውዝ ሞድ» የሚባለውን ሁኔታ አብርተው ኤች የሚለውን ፊደል በተጫኑ ቁጥር ከርዕስ ወደ ርዕስ ይዘላሉ፤ 1 ወይም 2 ቁጥርን ሲጫኑ ደግሞ በዚያ ደረጃ ያሉትን ርዕሶች ብቻ ያገኛሉ። ስለዚህ ደረጃን መዝለል አይገባም፤ መልኩ ስላማረ ብቻ ከ«ሄዲንግ 1» ቀጥሎ «ሄዲንግ 4» የሚያደርጉ ጸሐፊዎች አሉ፤ መልኩ ካልተመቸ ስታይሉን «ሞዲፋይ» ማድረግ እንጂ ደረጃውን ማዛባት አያስፈልግም።

ከርዕሱ ባልተናነሰ ቋንቋው ያስፈልጋል። በ«ሞዲፋይ» መስኮት «ፎርማት» ከሚለው ሥር «ላንግዌጅ»ን ከፍተው የዋናውን ጽሑፍ ስታይል አማርኛ፣ የእንግሊዝኛ ጥቅስ ስታይሉን እንግሊዝኛ ያድርጉ፤ በአማርኛው ሥር የሚሰመረውን ቀይ መስመር ከማስቀረቱም በላይ ስክሪን አንባቢው በየትኛው ድምፅ ማንበብ እንዳለበት ይጠቁመዋል። ከኤንቪዲኤ ጋር አብሮ የሚመጣው ኢስፒክ የተባለው ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚለውጥ ሶፍትዌር አማርኛም ያነባል።

ፋይሉን በፒዲኤፍ የሚልኩ ከሆነ በ«ፕሪንት» ወደ ፒዲኤፍ አይለውጡት፤ በዚያ መንገድ የሚወጣው ፋይል ርዕሶቹን አይዝም። «ሴቭ አዝ» ብለው ፒዲኤፍ ይምረጡና በ«ኦፕሽንስ» ውስጥ ከርዕሶቹ ቡክማርክ እንዲፈጥርና ለተደራሽነት የሚያገለግሉትን የሰነድ መዋቅር መለያዎች እንዲጨምር ምልክት ያድርጉ። ከመላክዎ በፊት በዎርዱ ፋይል ላይ ናቪጌሽን ፔንን ይክፈቱ፤ ርዕሶቹ በየደረጃቸው ተደርድረው ከታዩ ለባልደረባዎም በዚያው ቅደም ተከተል ይሰማሉ፤ ፔኑ ባዶ ከሆነ ግን የሚደርሳቸው ያው እስካሁን ያማረሩበት ወጥ ጽሑፍ ነው።